ጨው የመሰለኝ አመዳይ

ውድ እህቴ አፊፋ፣

ይህ ደብዳቤ በፈጣሪ ስም ይጀመራል። ጸሐፊዬ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ «በስመ አብ» ብለው ሊጀምሩ ብዕራቸውን ሲያነሡ፣ እኔ ደግሞ «ቢስሚላህ ይበሉልኝ» አልኳቸው። በመጨረሻ «በፈጣሪ ስም» በሚለው ተስማማን። እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ከምለው አንድም ቃል እንዳይቀንሱብኝ ቃል አስገብቻቸዋለሁ። አንቺም የሚያነብልሽን ሰው ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ ንገሪው። የዓልዩ አምባ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ለወጉ ያህል ነው።

እንደምን አላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ልጄ ሩቅያስ? ስሟን ሳወጣላት እንዲህ ሩቅ ትሆንብኛለች ብዬ አልነበረም።

በግንቦት የተለያየንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ባሌ ረሺድ የጨው ንግዱን ወደ ደብረ ብርሃን ሊያዞር በቅሎዎቹን ጭኖ ይጠብቀኝ ነበር። አንቺ ቀስ ብለሽ መጣሽና ሩቅያን ከጀርባዬ ፈታሻት። «ይህች የቆላ ልጅ ናት፤ ብርዱ ይገድልብሻል። መጀመሪያ አንቺ ኖረሽ እዪው» አልሽኝ። ዝም አልኩ። ምክርሽን ተቀብዬ መስሎሽ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈርቼ ነበር። የእኔ እጅ አልፈታ ያለውን የአንቺ እጅ ስለፈታልኝ ደግሞ ቀለል አለኝ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የአንኮበርን ዳገት እስክንጨርስ አላለቀስኩም። እላይ ስንደርስ ነፋሱ ከኋላ መጣና ጀርባዬን በረደኝ፤ እሷ የነበረችበትን ቦታ። ብርድን መጀመሪያ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ኖረሽ እዪው ብለሽኝ የለ? ይኸው እያየሁት ነው። ረሺድ «ሰው ብርድን ይሸሸዋል እንጂ እንዲህ አይመረምረውም» እያለ ይስቅብኛል። እኔ ግን ከልጄ የለየኝን ነገር መልኩን ማወቅ አለብኝ።

ክረምቱን በጉምና በጭቃ አሳለፍነው። እንጨት እዚህ እንደ እናንተ እንደልብ አይገኝም፤ የምናነደው ኩበት ነው። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ ሙቀቱ ግን ቀስ ብሎ ይቆያል። እግሬ ተሰነጣጠቀ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ቢሆንም ቻልኩት። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ደስታዬን አልችለው አልኩና ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ ወለተሐና ሮጥኩ፤ የመሪጌታ ባለቤት ናቸው። «ክረምቱ ወጣ፣ ብርዱም አለቀ። ረሺድ ወርዶ ልጄን ያምጣልኝ» አልኳቸው።

እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ብርዱ መች ገባና ነው የሚወጣው? ገና በጋው አልመጣም እኮ» አሉኝ።

በጋ ነው ያሉት! እኛ ዘንድ በጋ ማለት አፈሩ እግር የሚያቃጥልበት፣ ውሻ ከጥላ የማይወጣበት ጊዜ አይደለም? የቀለዱብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ አልቀለዱም። ስለዚህ የረሺድን መውረድ አስቀረሁት። ይህን ልብ በዪልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። አንድ ቀን ማለዳ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ሳሩ ነጭ፣ አጥሩ ነጭ፣ የኩበቱ ክምር ሳይቀር ነጭ። የጨው ነጋዴ ሚስት መጀመሪያ ምን ታስባለች? የረሺድ አሞሌ ጨው በመንገድ ተሰባብሮ የፈሰሰ መሰለኝ። እንስራዬን አስቀምጬ፣ ሰው ሳያየኝ ብዬ፣ ተንበርክኬ በነጠላዬ ጫፍ መሰብሰብ ጀመርኩ። ጣቴን አቃጠለኝ። ጥቂቱን ምላሴ ላይ ባደርገው ጣዕም የለው፣ ጨውነት የለው፤ ነክሶኝ ጠፋ። ቀና ስል እትዬ ወለተሐና በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ።

«ጨው ፈሶብን» አልኳቸው።

እስኪያማቸው ሳቁ። ነጠላዬን ብገልጠው እርጥብ ጨርቅ እንጂ ሌላ የለበትም። አመዳይ ይባላል አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ ጨው ለቃሚዋ ሆኗል፤ መሪጌታ ይህን ሲጽፉ ራሱ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነው።

ግን አፊፋ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! እንደ ዝናብ ሲወርድ አይታይ፣ እንደ ምንጭ ሲፈልቅ አይታይ። ሁሌም የሚመጣው ሰማዩ ንጹሕ በሆነ ማግስት ነው። እትዬ ወለተሐናን ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ደመናው የምድር ባና ነው፤ ሲገፈፍ ይበርዳታል» አሉኝ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው የአገሩ ወፍራም ልብስ ነው። አንድ ጠዋት ደግሞ አመዳዩን በቀንድ ዋንጫ ሞልቼ፣ አሞሌ መላስ ለምትወደው ለሩቅያ ልላክላት ብዬ ወደ ነጋዴዎቹ ሮጥኩ። ሳልደርስ ውኃ ሆነ። ጠጣሁትና ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ጣባ መደርደር የጀመርኩት። ሦስት ጣባ ውኃ ሞላሁ። አንዱን ከበሩ ሥር፣ አንዱን ከምሰሶው ሥር፣ ሦስተኛውን ከመደቡ ጥግ አስቀመጥኩ፤ ከግድግዳው በስተጀርባ የበቅሎዎቹ ጋጣ ባለበት በኩል። ሲነጋ የበሩ ውኃ ጣቴ የማይበሳው በረዶ ሆኖ ነበር። የምሰሶው እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ነገር ለብሷል። የጥጉ ግን ውኃ ነው። የበቅሎዎቹ ትንፋሽና ገላ ግድግዳውን ያሞቀዋል መሰለኝ። አሥራ አንድ ጠዋት አየሁት፤ አሥራ አንዱንም ጠዋት ውኃ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ እኔ ራሴ እዚያ ጥግ መተኛት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በነጠላ ብቻ፣ ቀጥሎ በአጎዛ ላይ፣ በመጨረሻ ባና ለብሼ። በነጠላው አላስተኛ አለኝ፤ በባናው ግን ላብ አጠመቀኝ። ጥጥ እዚህ ለጌጥ ነው፤ የሚያሞቀው የበግ ጠጉር ነው።

ስለዚህ ጠጉር መፍተል ተማርኩ። ጥጥ ለለመደው እጄ አልሆን አለ፤ ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ ሳላስበው ይበጠሳል። ቢሆንም ለአንዲት ትንሽ ባና የሚበቃ ፈትዬ ወደ ባና ሠሪው ወሰድኩ። «ቁመቷ ስንት ነው?» አለኝ። እጄን ታፋዬ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ትንሽ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ አወረድኩት። ስምንት ወር ነው፣ አፊፋ፤ የልጄን ቁመት አላውቅም። ጠጉሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ መስከረሙ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት ዓወል የጥጥ ነጋዴው ከእናንተ መጣ። እኔ የማውቅ መስሎት ሲያጫውተኝ «ሩቅያ ከንዳዱ ከዳነች ወዲህ ጨዋታዋ ብሷል» አለ። ሰባት ቀን ተኝታ ነበር አለኝ። በጥቅምት፣ በዚያ ሙቀት መሃል፣ ያለሽን ልብስ ሁሉ ደርበሽባት፣ «በረደኝ፣ በረደኝ» ትል ነበር አለኝ።

አልነገርሽኝም። ሁለት ቀን ተቆጣሁሽ፤ ረሺድን እንኳ አላናግር አልኩ። በመስከረም እኔ ብርድ ፈርቼ ያስቀረኋት ልጅ ቆላ ተቀምጣ በረዳት። በሦስተኛው ቀን ጣባዎቼን ሳነሣ ግን አንቺ ታየሽኝ፤ ሰባት ቀን ያልተኛሽው፣ ከዳነች በኋላ ደግሞ «አደራዋን በላሁባት» ብለሽ ለመናገር የፈራሽው አንቺ። እኔም ስትፈቻት ዝም ያልኩት በፍርሃት ነበር። ሁለታችንም ስለ እሷ ፈራን፤ የተንቀጠቀጠችው ግን እሷ ናት። ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺም ይቅር በዪኝ።

እዚህ ብርድ አለ፣ አልዋሽሽም። ጉንጯ ይሰነጠቃል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ እኔንም በልቅሶ ታሰለቸኛለች። ግን ይህን ብርድ አውቀዋለሁ፤ የሚመጣበትን ሰዓት፣ የሚገባበትን በር፣ የማይደርስበትን ጥግ አውቃለሁ። ንዳዱን ግን እናንተም አታውቁት፣ እኔም አላውቀው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊልኝ። ሩቅያን ከግድግዳ አስጠግተሽ አቁሚያት። ከተረከዟ እስከ ራሷ በጥጥ ክር ለኪያትና ክሩን ጠቅልለሽ ለዓወል ስጪው፤ እንዳይጠፋ በጥምጥሙ ውስጥ ይቋጥረው። ባናው እንዳለቀ ረሺድ ይዞት ይወርዳል። የአንኮበርን ዳገት ሳትጀምሩ አልብሻት። ሳትጀምሩ ማለቴ አንቺንም ነው፤ አብረሻት ነይና ጥጉን በዓይንሽ እዪው፤ ኢንሻአላህ አመዳዩ ሳያልቅ ከደረሳችሁ ጠዋት አብረን እንወጣለን። እሷም ጨው መስሏት ምላሷን ታውጣ። እኔ አልነግራትም፤ እንዳትነግሪያት።

ክሩን ስትለኪ አታጥብቂው፣ አታላዪውም፤ ልክ እሷን ያህል ይሁን። ባና ሠሪውን ግን በዚያ ላይ አንድ ስንዝር ጨምርበት እለዋለሁ። የምታድገው እዚህ ነውና።

ክሩን የምትጠብቅ እህትሽ፣
መሊካ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፰፻፸፮ ዓመተ ምሕረት