ቀዛፊው ተኝቷል

ሐሙስ፣ ጥር 7

ከቢሮዬ ከጊጊሪ እስከ ቤቴ ዌስትላንድስ አንድ ሰዓት ተኩል። መንገዱ ተዘጋግቶ… ታክሲ ውስጥ የተረት ጨዋታ መጽሐፌን ሳገላብጥ ቆየሁ። ከቢሮ ጓደኞቼ ጋር የምንጫወተው ነው፤ አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ ጀግኖቹን ይሆናሉ፣ ዕጣቸውን ዳይስ ይወስናል። እህቴ አጸደ "ቅዳሜ ምግብ ቤቴ ሰው ይበዛብኛል፣ ልጆቹን በዚያ ጨዋታህ ያዝልኝ" ብላኛለች። የራሷ ዮአብና አቢግያ፣ ከዚያ የጓደኛዋ የትዕግስት ልጅ ሚጣ። ትልቁ ዐሥር ዓመቱ ነው። መጽሐፉ ደግሞ ለአዋቂ የተጻፈ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ አሥራ አንድ ሬሳ አለው! ምን ላድርገው?

ዓርብ፣ ጥር 8

ስሰርዝ አመሸሁ። የተሰቀለውን ሰውዬ አወጣሁት። ጀልባ ቀዛፊው ግን አስቸገረኝ። እሱ ካልሞተ ታሪኩ አይጀምርም። ጠንቋይዋ አፍዝ አደንግዝ አድርጋበት ተኝቷል አልኩ። ያስኬዳል?

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ዮአብና አቢግያ ጮኹ፣ ተጣሉ፣ መግደል የነበረባቸውን ዘንዶ አላመዱት። ሚጣ ግን ተራዋ በደረሰ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ፦ "ቀዛፊውን እቀሰቅሰዋለሁ።" አልነቃም። እንደገና።

"አንክል፣ መቼ ነው የሚነቃው?"

"በኋላ" አልኳት። የቱ በኋላ? እኔስ መቼ አወቅኩት።

ሚጣ ስትሄድ አጸደ ጓዳ ጠራችኝ። የሚጣ አባት ኅዳር ላይ ሞቷል። ልጅቷ አልተነገራትም። "ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል ነው የተባለችው። አደራ!"

ይሄ ዛሬ ነው የሚነገረኝ?

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ቀዛፊውን ባስነሳው፣ የእሷም አባት የሚመለስ ይመስላታል። ብገድለው… እኔ ማን ነኝ መርዶ ነጋሪ?

ለትዕግስት ደወልኩ። "ፍሥሐ ወንድሜ፣ አሁን አይሆንም። ትምህርቷ ይበላሻል። ትንሽ ትቆይ።"

"እስከ መቼ?"

ልፈርድባት አልቻልኩም። እኔስ "በኋላ" አላልኩም?

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አስቤበት ሳይሆን ከአፌ አመለጠኝ። "ቀዛፊው ተነስቶ ሩቅ አገር ሄደ" አልኩ።

ሚጣ ቀና ብላ አየችኝ። "አልሄደም። ሞቷል።"

"አልሞተም! ተኝቷል ብሏል አንክል!" አለ ዮአብ።

"ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚሉት። እንቅበረው። ልጅ አለችው? እኔ 'ፖሌ' እላታለሁ።"

ፖሌ… እዚህ አገር በቋንቋቸው ሐዘንተኛን 'አይዞህ' የሚሉበት ቃል። ከየት አመጣሽው አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

"ቲቸር ብላኛለች። ስኩል ሲከፈት። ስለ አባዬ።" ጠጋ ብላ በጆሮዬ፦ "ለእማዬ እንዳትነግራት። ታለቅሳለች።"

ቀበሩት። ዮአብ ሰይፉን አብሮ ቀበረለት። አቢግያ መዝሙር ዘመረች። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

እሑድ፣ ጥር 17

እናትየው ለልጄ አትንገር ትላለች። ልጅቷ ለእናቴ አትንገር ትላለች። መሀል ላይ እኔ። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ ያመነችኝን ላውጣ? ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንድም ነገር አልሰማሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሄድኩ። ትዕግስት በር ስትከፍትልኝ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ልጅሽ ታውቃለች" አልኳት። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"ከመቼ?"

"ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ።"

"ለዚህ ነዋ… 'አባዬ ደወለ ወይ' ማለት የተወችው። እኔ ደግሞ ረሳችው ብዬ እፎይ እል ነበር።"

ልክ አደረግኩ? ወደ ውስጥ ገብታ ሚጣን ስትጠራት እየሰማሁ ነው የወጣሁት። ሚጣ ትጠላኝ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ትዕግስት ራሷ አመጣቻት። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ። ለካ ሁልጊዜ ቢሮ ስትደርስ ትለብሰው፣ ወደ ቤት ከመመለሷ በፊት ደግሞ ታወልቀው ኖሯል። አጸደ ናት የነገረችኝ።

ሚጣ አኩርፋኛለች። "ነገርክ" አለችኝ፣ ሌላ ቃል የለም። ግን አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷም አልሄደችም፤ ወንበር ስባ ማየት ጀመረች። ዮአብ ዳይሱን እያንቀጫቀጨ "እንጀምር!" ይላል። ሚጣ ዞር አለች።

"እማዬ፣ አባዬ እንዲህ ያለ ጨዋታ ይወድ ነበር?"

"በጣም። ግን ያጭበረብራል። ካርታ እጅጌው ውስጥ ሲደብቅ ስንቴ ይዤዋለሁ!"

ሚጣ ሳቀች። ትዕግስትም፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች።

"ነበር" አለች ልጅቷ፣ እናቷ ፊት፣ ጮክ ብላ። ማንም አልደነገጠም።