ወናጎ አያልቅም

ሰኔ 11

ዝናብ። ገበያ የለም። መደርደሪያውን ሳጸዳ ከጣቃዎቹ ሥር የባሌ የኸድሩ የዓለም ካርታ ወጣ። በአራት ታጥፎ፣ ጠርዙን ብል በልቶት። እሱ ከሞተ ጀምሮ አልነካሁትም። እዚያ መሆኑን ረስቼው ነበር? አልረሳሁም…

ድሮ ግድግዳው ላይ ነበር። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ፊደል የቆጠርኩት ኋላ ነው፣ ለብቻዬ፣ ልጄ ሒባ በተወቻቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት። ኸድሩ ደንበኛ ሲጠፋ ጣቱን ባሕሩ ላይ ያንሸራትትና ነጠብጣብ የምታህል ደሴት ላይ ያቆማል። "ሀጅራ፣ እዚህ ሰው አለ?" ይለኛል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ ጠየቀኝ።

"ምነው፣ ወናጎን ጨርሰኸው ነው?" አልኩት። ወናጎ ከዲላችን ቀጥሎ ያለ ትንሽ ከተማ ነው፤ እሱንስ መች አይቶ ጨረሰ።

ሳቁ ቤቱን አናጋው። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ገበያው ሁሉ "ጋሽ ወናጎ" አለው። ካርታውን አወረደ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። እስከ ዕለተ ሞቱ።

ዛሬ ነጠብጣቧን ፈልጌ አገኘኋት። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ኮሞሮስ።

ሰኔ 14

ሒባ ከሐዋሳ ደወለች። ስለ ኮሞሮስ እዪልኝ ብያት ነበር። ብዙ እንግዳ የማይሄድበት አገር ነው አለች። ሕዝቡ ሙስሊም ነው። ቪዛ እዚያው ሲደርሱ ይሰጣሉ። ከአዲስ አበባ አውሮፕላን አለ።

"ማን ሊሄድ ነው፣ እማ?"

"እኔ።"

ያልሰማኋት ይመስል ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ከማን ጋር?"

ከማን ጋር ነው የምሄደው? ከራሴ ጋር።

ሰኔ 22

ዘከርያ ሰማ። የኸድሩ ታናሽ ወንድም፣ አጠገቤ ጫማ የሚሸጠው። ወንበር ስቦ መረመረኝ።

"ሐጅ ነው እትዬ?"

"አይደለም።"

"ሥራ ነው?"

"በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"ዘመድ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ?"

"ላየው።"

"ምኑን?"

ጣቃውን መጠቅለል ጀመርኩ። እሱ ግን አላቆመም።

"ወናጎን ጨርሰሽው ነው?"

የገዛ አፌ ነው ዞሮ የመጣብኝ። ምሳዬን ሳልቀምስ ከደንኩት። ጉዞው ይቅር ይሆን…

ሰኔ 24

ለመሆኑ ጨርሼዋለሁ? ወደ ይርጋጨፌ ስሄድ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። ወርጄበት አላውቅም።

ሰኔ 25

ሱቁን ዘጋሁ። "ለቅሶ ነው?" አለ ዘከርያ። "አይደለም" ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ወናጎ ወረድኩ። ብቻዬን፣ ያለ ጉዳይ!

ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ ባልቻ ይባላል። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

"እናቴ፣ የት ላድርስህ?"

"ሁሉም ጋ።"

"ሁሉም ጋ ማለት?"

"ወናጎ እስኪያልቅ።"

በመስታወቱ አየኝ። ያመመኝ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ሳቀ።

"ወናጎ አያልቅም እናቴ። የሚያልቀው ነዳጅ ነው!"

ዞርን። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመን። አንዱ መንገድ አለቀ ስል ሌላ ጠባብ መንገድ ይወጣል። ከዚያ ምግብ ቤት ገብቼ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ "ሰው እየጠበቁ ነው?" አለችኝ፤ ቆይታ ደግማ ጠየቀችኝ። ማንንም አልጠብቅም አልኳት። እስክጠግብ በላሁ።

አያልቅም… ይኸው ልጁ ነገረኝ። ኸድሩን እስኪያልቅ ጠብቅ ያልኩት ለካ የማያልቅ ነገር ነው።

ማታ ለሒባ ደወልኩ። "ትኬቱን ቁረጪ" አልኳት።

"አብሬሽ ልምጣ?"

"አይሆንም። ወናጎን ያለ አንቺ ነው የሄድኩት።"

ሐምሌ 20፣ ሞሮኒ

ኮሞሮስ ደረስኩ! ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም መቱልኝ። እኔ ነኝ ሻንጣዬን የጎተትኩት፣ እኔ ነኝ የታክሲውን ዋጋ የተከራከርኩት። በጣቶቼ። ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ከተራራው እሳት የወጣ። ባሕሩ ዳር ነጭ መስጊድ አለ። አሰላሙ ዐለይኩም ስል መንገዱ ሙሉ መለሰልኝ።

ኸድሩ፣ ሰው አለ። ብዙ ሰው አለ።

ሐምሌ 24

ያረፍኩበት ቤት እመቤት ዙህራ ትባላለች። እኩያዬ ናት። ሰላምታና ዱዓ ላይ እንግባባለን፣ ከዚያ ወዲያ በእጅ ነው።

ዛሬ ከጓሮዋ ማዶ እንሰት ያየሁ መስሎኝ ሮጥኩ። ሙዝ ነው። ፍሬውን ቆርጠው ግንዱን ጥለውታል፣ ይበሰብሳል። የእንሰት ግንድ ፍቆ ቆጮ የሚጋግር የዲላ ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል? እንሰት አለመሆኑን እያወቅኩ አንጀቴ አልቻለም። "ይፋቃል እኮ!" አልኳት። አልገባትም። ክንዴን እንደ ግንድ አድርጌ በሌላው እጄ እየፋቅኩ አሳየኋት። አሁን ገባት። ሮጣ ወደ ቤት ገባች። ቢጫ የሰንደል ቅባት ይዛ ተመለሰች።

ያሳከከኝ መስሏት ነው!

ክንዴን ቀባችው። ቅባቱ ተረፋት መሰለኝ ፊቴንም ቀባችው፣ እንደ አገሯ ሴቶች። መስታወት ሰጠችኝ። ሳቅን… ሳቅን… ጎረቤቶቿ መጥተው ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ። እንዲህ ያለ ሳቅም አለ። ማንንም የማያሳፍር።

ነሐሴ 3፣ ዲላ

ካርታውን ሰቀልኩት። ብል የበላውን ጠርዝ ከጣቃ በተረፈ ቁራጭ ጠገንኩት። ገበያው ስም አውጥቶልኛል። "እትዬ ወናጎ።" ሲጠሩኝ "አቤት!" እላለሁ፣ ቀና ብዬ። የባሌ ስም ነው። እሱም ሳይሳቅበት እንዲህ መጠራት ነበረበት።

ነሐሴ 9

ማምሻውን ዘከርያ መቀስ ልዋስ ብሎ መጣ። ሰጠሁት። አልሄደም። ካርታው ፊት ቆመ። ዞር ብሎ ደጁን አየ፤ ሰው የለም። ጣቱን በባሕሩ መካከል አንዲት ነጠብጣብ ላይ አሳረፈ።

"እትዬ… እዚህስ ሰው አለ?"

አልሳቅኩም።

"ሳይኖር ይቀራል?" አልኩና ወንበር ሳብኩለት።