ምን አብልተሽው ነው ላልከኝ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹ ትምህርታቸውን እንዴት ያዙት? ወገቤን ይዞኛል ያልከኝስ ለቀቀህ ወይ? እኛ አባባም ጭምር በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ሁሉ ሰላምታ ማስቀደሜ እናታችን ያሳደገችን እንዲህ ስለሆነ ነው እንጂ፣ በሆዴ ያለው ሌላ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ድምፅህን ስሰማ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። ዛሬ የስፌት መኪናዬን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጌ፣ የሰው መጋረጃ ሳልጨርስ ወረቀት ያነሳሁት ለዚህ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው። መኪና ውስጥ የትራፊክ መብራት እየጠበቅክ እንዳታነበው።

አባባ ሆስፒታል የገባ ዕለት ደውለህ መጀመሪያ ከአፍህ የወጣውን ታስታውሳለህ? «በሕይወት አለ ወይ?» አላልክም። «ምን አብልተሽው ነው?» ነበር ያልከው። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቴ ሰማ፣ ነርሷ ሰማች፣ አባባን ያመጣልን ሾፌርም በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቄ አላውቅም። ነርሷ አዝናልኝ ይሁን ጠርጥራኝ አላውቅም፣ ቀና ብላ አየችኝ። መልሱን ያኔ አላውቀውም ነበር። አሁን አውቄዋለሁና ልንገርህ።

ነገሩ ሲጀመር መልካም ነበር፣ ይህንን አልክድም። እናታችን ካረፈች በኋላ የአባባ ደም ግፊት ከፍ ማለቱን ስትሰማ ከሩቅ ሆነህ ከሱቅ በኢንተርኔት አዘህ በየሳምንቱ ማክሰኞ አስቤዛ በካርቶን ወደ ቤት እንዲመጣ አደረግክ። እኔ ከገበያ ከባድ ዘንቢል ተሸክሜ ደረጃ መውጣት ቀረልኝ። ካሮቱ ትኩስ ነው፣ ጎመኑ አልጠወለገም። ምስጋናዬንም በወቅቱ ነግሬሃለሁ። ከካርቶኑ ቀጥሎ ግን ወረቀቱ መጣ። ሰኞ ቁርስ ይህ፣ ምሳ ይህ፣ ራት ይህ፣ እስከ እሁድ ድረስ። ባለቤቴ በስልክ የላክኸውን በሚሠራበት ጋራዥ ቢሮ ውስጥ አሳትሞት ሲመጣ አባባ ፍሪጁ በር ላይ ለጠፈው።

አባባን ታውቀዋለህ። ዕድሜውን ሙሉ ፋብሪካ በር ላይ ሰዓት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው። ሠራተኞቹ «ደወሉ» ይሉት የነበረው በከንቱ አይደለም። ያንን ወረቀት ሲያገኝ ወደ ሥራው የተመለሰ ነው የመሰለው። መነጽሩን አድርጎ ፍሪጁ ፊት ይቆምና ያነባል። አንድ ረቡዕ ምስር አልቆብኝ ሩዝ በአትክልት ባቀርብለት፣ «ሩዝ የዓርብ ነው» ብሎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። ልጆቼ በሳቅ ሞቱ። እኔም ስቄያለሁ። ያኔ የሚያስቅ ነበር።

ከዚያ ኩላሊቱ መድከሙ በምርመራ ታወቀ። የክሊኒኩ የምግብ ባለሙያ፣ ወጣት ናት ግን ነገሯ የበሰለ ነው፣ ሰዓት ወስዳ አስረዳችኝ። ለእኔና ለአንተ ጤና የሆነው ሁሉ ለእሱ ጤና አይደለም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ እነዚህ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚሉትን ነገር የደከመ ኩላሊት ማስወጣት ያቅተዋል፤ ደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ልብን ይይዛል አለችኝ። የዚያኑ ዕለት ደውዬ ነገርኩህ። አንተ ምን አልክ? «ሙዝ ሰው ገድሎ አያውቅም፣ እነሱ ዝም ብለው ሰው ያስፈራራሉ» አልክ። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ወረቀቱን ትንሽ ቀየርከው፣ ሙዙን ግን ለልጆቹ ነው ብለህ ከካርቶኑ አላወጣኸውም። እኔም በየማክሰኞው ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን ውስጥ፣ የሙዝ መደበቂያ ስፈልግ ከረምኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከገዛ አባቴ ሙዝ የምደብቅ ሴት አደረግከኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወር ከካርቶኑ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ ወጣ። ጨው ነው። ከእሱ ጋር መልእክትህ መጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ብቻ ተጠቀሙ፣ ለደም ግፊት ፍቱን ነው፣ የድሮውን ጣሉት።» እኔም ጻፍኩልህ። መልእክቱ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፣ ስልክህ ላይም አለ፣ ሂድና እየው። «ለኩላሊቱስ ችግር የለውም ወይ?» ነው ያልኩህ። ጥያቄዋ አንዲት መስመር ናት። አንተ የመለስክልኝ የአውራ ጣት ሥዕል ነው። እኔም ወንድሜ ጠይቆ፣ አጣርቶ ነው ብዬ የድሮውን ጨው አውጥቼ ጣልኩ።

አንድ ነገር አምናለሁ። በእጄ ነው የጨመርኩት። ጨውነቱ ደካማ ነው፣ አፍ ላይ መረር ይላል፣ ስለዚህ አንድ ማንኪያ በምጨምርበት ሁለት ጨመርኩ። አባባ ደግሞ «ጤና ነው» እያለ ሳህኑ ላይ ደግሞ ይነሰንስበታል። ድንቹን ሁለት ውሃ እየቀየርኩ ስቀቅል፣ ቲማቲሙን ከሾርባው ስቀንስ፣ ተጠነቀቅኩ ብዬ ልቤ ሞልቶ፣ የፈራሁትን ነገር ራሱን በማንኪያ እያነሳሁ ድስቱ ውስጥ እጨምር ነበር። «እግሬ ከዳኝ፣ ከንፈሬን ይነዝረኛል» ሲለኝ ድካም ነው አልኩት። ይህ የእኔ ድርሻ ነው። በማንም አላላክክም።

የወደቀው ማክሰኞ ምሳ ላይ ነው። ሾፌሩ ካርቶኑን ተሸክሞ ገብቶ ገና ወለሉ ላይ እያስቀመጠ፣ አባባ እንደ ልማዱ ሰዓቱን አየና «ዛሬም አላረፈድክም» አለው። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ ስል እሱም ከወንበሩ ተንሸራቶ ትከሻዬ ላይ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው፣ ጎረቤት ማንም የለም። ሾፌሩ ብብቱ ሥር ገብቶ አቀፈውና ደረጃውን ይዞት ወረደ። በአስቤዛው መኪና ነው የሄድነው፣ በሰው ሽንኩርትና በሰው ወተት መሀል ተቀምጬ፣ የአባባን ራስ ጭኔ ላይ ይዤ። ያ ሰው የዚያን ቀን ስንት ቤት እንዳስጠበቀ፣ አለቃው ምን እንዳለው እኔ አላውቅም። አንተ «ሾፌሩ ማን ነበር?» ብለህ እንኳ አልጠየቅክም።

ሐኪሙ የልቡ ምት ተዛብቷል፣ ትንሽ ብትዘገዩ አይደርስም ነበር አለን። መርፌ ወጉት፣ ማሽን ላይ አስተኝተው ደሙን አጠቡለት። አንተ የደወልከው እሱ ማሽኑ ላይ እያለ ነው። በሦስተኛው ቀን የምግብ ባለሙያዋ ከወጥ ቤትሽ ያለውን ሁሉ ሰብስበሽ አምጪልኝ አለችኝ። በፌስታል ሞልቼ ወሰድኩ። ዘይቱን አየች፣ ሩዙን አየች፣ ከዚያ ሰማያዊውን ክዳን አነሳችና ዕቃውን ገልብጣ ከታች ያለውን ጉንዳን የሚያክል ጽሑፍ አነበበች። «ይህን ማን አዘዘላችሁ?» አለችኝ። ወንድሜ አልኳት። ሐኪም ነው ወይ ብትለኝ አይደለም አልኩ። ይህ ጨው ከሶዲየም ይልቅ ፖታሲየም የሚበዛበት ነው፣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ሊረዳ ይችላል፣ ለእሳቸው ግን የሙዝ ዘለላ በየቀኑ ከማብላት የባሰ ነው አለችኝ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስድ ዕቃው ላይ ተጽፏል። አሳየችኝ። በማላውቀው ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ አንተ በየቀኑ በምትሠራበት ቋንቋ።

እንግዲህ ምን አብልቼው እንደሆነ ይኸው። የላክኸውን ነው ያበላሁት።

የተናደድኩት በጨው መሳሳትህ አይደለም። ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። የተናደድኩት እዚህ ድስት አጠገብ የቆመ ሰው እንዳለ ስለረሳህ ነው። አባባ የላይኛው ጥርሱ ሁለት ብቻ መቅረቱን ሳታውቅ ጥሬ ካሮት ታዝለታለህ። ትልቋ ልጄ ከኦቾሎኒ ፊቷ እንደሚያብጥ ነግሬህ፣ በየወሩ ኦቾሎኒ ቅቤ ይመጣል። ስድስት ምግብ ለስድስት ሰው ልትሠራ የምትችል ሴት እዚህ ቤት የለችም። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ያለኝ ምድጃ አንድ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው። ከዚያ ድስት ሽማግሌውም ሕፃኑም ይበላሉ። ይህንን የሚያውቅ ሰው ነው ዝርዝሩን መጻፍ ያለበት።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለሱቁ ደውዬ ነበር፣ ትእዛዙን መቀየር የሚችለው የከፈተው ሰው ብቻ ነው አሉኝ። የይለፍ ቃሉን ላክልኝ። አስቤዛው ይቅር አላልኩም፣ ወገቤ ያውቀዋል። ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጠን ጨርሰናል፦ ጎመን፣ ካሮት ተቀቅሎ ውሃው የተደፋ፣ ሩዝ፣ ዱባ በጣም ጥቂት፣ እንቁላል፣ ፖም ለሁሉም፣ ለጣዕሙ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ጠብ እናደርጋለን። ሁሉም ከአንድ ድስት የሚበላው ነው፣ ልጆቼም እስካሁን አላማረሩም። በየሁለት ሳምንቱ ደሙ ሲመረመር ዝርዝሩም ይታያል። ወረቀትህን ከፍሪጁ ላይ አንስቼዋለሁ።

አባባ ቤት ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ይራመዳል፣ ሬዲዮውን ይከፍታል፣ ልጆቹን ይቆጣል። አይበላም ግን። ይህንን ነው ከሁሉ በላይ ልነግርህ የፈለግሁት። ሆስፒታል ሳለ የሐኪሙን እጅ ይዞ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር፣ ልጄ ስትደብቅ እያየሁ ሙዝ እየሰረቅኩ እበላ ነበር» አለው። በዓይኔ እያየሁ እንደ ተማሪ አቀረቀረ። በወር ውስጥ የበላው ሦስት ሙዝ ነው፣ ራሱ ቆጥሮ ነገረኝ። አሁን አንድ ጉርሻ ባነሳ ቁጥር «ይህ ይፈቀዳል?» ይለኛል። ይፈቀዳል ስለው ሦስት ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን ያርቃል። በሆዱ አፍሯል። ባለሙያዋ እንዲህ ከቀጠለ ጉልበቱ ያልቃል፣ ያኔ ኩላሊቱን ማዳን ያቅተናል አለችኝ።

ሙዙ አይደለም፣ ጨው ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። አላመነኝም። «ልጄ የላከው ጨው እኔን አይጎዳኝም» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ አጠገቡ የምኖረው ብነግረው ወሬ ነው፣ አንተ ከሩቅ ብትናገር ሕግ ነው። ይህም ያናድደኛል፣ ግን ዛሬ ለእሱ ጊዜ የለኝም። እሁድ ጠዋት ቁርስ ላይ እንቀመጣለን፣ ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አደርገዋለሁ። ደውልና ንገረው። ስለ እኔ ምንም እንዳትል፣ ይቅርታ ልጠይቃት ብለህም እንዳታስጠራኝ። «ሙዙ አይደለም አባባ፣ ጨው ነው፣ የላክሁትም እኔ ነኝ» በለው። ከዚያ ዝም በልና ሲበላ ስማው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት፣ በእሷ ቅሬታ የለኝም። ሁለቱን ሴቶች ልጆችህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፣ እሱ ከእኔ ይልቅ ታጋሽ ነው። ትልቋ እንዴት ነህ ትልሃለች፣ ትንሹም ስሙን ራሱ መጻፍ ስለጀመረ ከታች ጥግ ላይ የተጨማለቀው የእሱ ነው። አባባ ይህን እንደምጽፍልህ አያውቅም።

እህትህ፤
ከአባባ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት ጠረጴዛ፤
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን