ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ሰው ስለሆነበት ምንጣፍ

ለክቡር አፔሉ ታኦፊ
የሳሌቫይ አውራጃ የሕፃናት ጥበቃ የጋራ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሳሞአ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በረጅም ስብሰባ እግርዎን አጣጥፈው ሲቀመጡ የሚብስብዎት የጉልበት ሕመም ቀለል እንዲልልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስካለፈው ወር ድረስ የኮሚቴዎ አባል የነበርኩት የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። የምጽፈው ስለ ተማሪዬ ስለ ዘጠኝ ዓመቷ ላጊ ላመሰግንዎ ነው፤ በቁጥር የዘረዘርኩትም ኮሚቴያችን ቁጥር ስለሚወድ ነው።

፩. ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ፓስተርና መምህርት ለአንዲት ልጅ ሲሉ በአንድ ቤት እንዲቀመጡ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በሰባት ስብሰባ ታሮ የሚባለውን ሥራ ሥር በኮኮናት ወተት አብረን በላን፤ ወረቀቶቻችንን ግን አንድም ቀን አብረን አላየንም። ሐኪሙ በላጊ እግር ላይ ያየውን ሰንበር፣ የፖሊስ ሳጅኗ የጎረቤት አቤቱታን፣ እኔም ከትምህርት የቀረችባቸውን ቀናት፣ እያንዳንዳችን በየመዝገባችን ይዘን ተቀመጥን። ላጊ የደረሰባትን ለሁላችንም በየተራ ደግማ ተናገረች። በሦስተኛው ጊዜ ማልቀስ አቆመች፤ ቃለ ጉባኤውም ይህንን «መሻሻል» ብሎ መዝግቦላታል።

፪. የሚያሳድጋትና በቀበቶ የሚገርፋት አጎቷ ፔሎ፣ እንደ ልማዳችን ጎህ ሲቀድ ጥሩውን ምንጣፍ ተከናንቦ በተበዳይ ቤተሰብ ደጅ ስለ ተንበረከከ ኮሚቴው አድንቆታል። እኔም ልማዱን አከብራለሁ፤ አያቴ ደም ሊያፋስስ የነበረ ጠብ በዚያ ምንጣፍ ሥር ሲበርድ አይተዋል። ነገር ግን የተበዳይዋ ቤተሰብ አለቃ ማን ነው? ራሱ ፔሎ ነው። ስለዚህ በገዛ ደጁ ተንበረከከ፣ የገዛ ሚስቱ የይቅርታ ምልክት አድርጋ ምንጣፉን ገለጠችለት፣ እሱም ራሱን ይቅር አለ። እርስዎም «በቃ፣ እርቅ ወርዷል፤ ፋይሉ ይዘጋ» አሉ።

፫. ሐኪሙንና ሳጅኗን ለምኜ ሦስቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ስዘረጋ፣ የሰንበሩ፣ የአቤቱታውና የቀረችባቸው ቀናት አንድ ላይ ገጠሙ። ይህን ለማሳየት፣ በልማዳችን ነውር ቢሆንም፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቤት ተነሥቼ ቆምኩ። እርስዎም «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ በይ! እዚህ ቤት ቆሞ የሚያወራ ጣሪያ ጠጋኝ ብቻ ነው» አሉኝ፤ ፓስተሩም እንባ እስኪወጣው ሳቀ። ከኮሚቴው የተሰናበትኩበት ደብዳቤ ስለ ቀኖቹ አንድ ቃል አይልም፤ ስለ እግሮቼ ግን ሁለት አንቀጽ አለው።

ላጊ ለጊዜው እናቴ ቤት ናት። በውሳኔዎ መሠረት ዓርብ ወደ ፔሎ ትመለሳለች። ትናንት ታሮ እየላጠች፣ «ቲቸር፣ ምንጣፉ እኮ ተመልሶ ሣጥናችን ውስጥ ገባ። እኔም ልመለስ ነው?» አለችኝ። ሰባት ስብሰባ ተቀመጥኩ። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። ከዓርብ በፊት ፋይሉን ይክፈቱት፤ ሌላ የምለምንዎ ነገር የለኝም።

የጉልበትዎን ጤንነት እየተመኘሁና የትዕግሥትዎን ርዝመት እያደነቅሁ፣

ከኮሚቴዎ ወለል የተነሣሁት
ፉዋቲኖ ሌአታ

ማስታወሻ፦ ሐኪሙና ሳጅኗ ሦስቱን መዝገቦች በአንድ ሰፍተው ከእኔ ጋር ፈርመዋል፤ ዛሬ ጠዋትም ለፍርድ ቤት አስገብተናል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ፈጀ፤ ምግብም አልቀረበም። ይህን ደብዳቤ እርስዎን ላለማስቀየም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ጽፌዋለሁ። ዓርብ ላጊን ሊወስድ የሚመጣ ሰው ካለ ግን፣ ሦስታችንንም በእናቴ ደጅ ላይ ቆመን ያገኘናል።