አባቴን በዕቃነት ስለማስመዝገብ

ለተከበሩ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው ኮትዎ ሁሉ ደህና ናቸው? ስለ ኮትዎ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር የሚቀበለኝ እሱ ስለሆነ፣ እርስዎን በአካል ባላውቅዎትም ከኮትዎ ጋር ቤተሰብ ሆነናል። ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም ደረጃ የሚያስወጣ ጉልበት እመኝልዎታለሁ።

ጉዳዬን ከሥራ ብዛት ሊዘነጉት ስለሚችሉ ላስታውስዎ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ምናልባት እርስዎንም ተማሪ ሳሉ አሳፍሮዎት ይሆናል። ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ያድራል። መታጠቢያ ቤታችን ፎቅ ላይ ስለሆነ ወንድሜ ብብቱን፣ እኔ እግሩን ይዘን እናወጣዋለን፤ ከዚያ ወንድሜ ወደ ሥራው ሲሮጥ የማጥበው እኔ ነኝ። አባቴ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። በአንድ ቁጣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ጸጥ ያሰኝ የነበረ አባት በሴት ልጁ እጅ ሲታጠብ ማየት አንጀት ይበላል፤ ቅጻችሁ ይህን ስለማይጠይቅ ግን አልሞላሁትም።

ከቤታችን ሥር አሮጌ አልጋና የቀለም ቆርቆሮ የምናከማችበት ምድር ቤት አለ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ የዚህ ክፍል በር ያለ አንዲት ደረጃ ጓሮ ያወጣል። አንድ መኝታ ክፍል፣ ከጎኑም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መታጠቢያ ቤት እንሥራለት ብለን ፕላን አሠርተን ወደ እርስዎ መጣን። ከዚያ ወዲህ ለዋሉልን ውለታ በተራ በተራ ላመስግን።

፩. የጣሪያውን ከፍታ እንዲያይ ከሠራተኞችዎ ሁሉ ረጅሙን ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ሰውየው ገብቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጸጉሩ ኮርኒሱን ነካ፣ «ለሰው መኖሪያ አይሆንም» ብሎ ጽፎ ወጣ። አባቴ አጭር ሰው መሆኑን፣ ያውም ተቀምጦ እንደሚውል ብንነግረው፣ ደንቡ የሚያውቀው ቆሞ የሚሄድ ሰው ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳን።

፪. ኮርኒሱ ከፍ ካላለ ወለሉ ዝቅ ይበል ብላችሁ ስለመከራችሁን አመሰግናለሁ። ፕላኑን አስተካክለን ስንመለስ፣ ከእናንተ ኮሪደር ማዶ ያለው የፍሳሽ ክፍል፣ ወለሉ ከከተማው የፍሳሽ መስመር በታች ስለወረደ ሽንት ቤት አይፈቀድም አለን። የቧንቧ ሠራተኛችን በፓምፕ ወደ ላይ እንደሚገፋው ቢያስረዳ፣ ፓምፕ የሌላ ክፍል ጉዳይ ነው ተባለ። የሁለቱ ክፍሎች በር ፊት ለፊት ነው፤ ተኳርፈው መሰለኝ፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው አልሰማም።

፫. በመጨረሻ መኝታ ክፍሉን ብቻ ፈቀዱልን፣ ውለታዎን ይክፈልዎ። ደስታችን ከአፋችን ሳይወጣ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ አካል ጉዳተኛ የሚያድርበት ክፍል አጠገቡ መታጠቢያ ቤት ከሌለው መኝታ ሊባል አይችልም ይላል። ሁለቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ፊርማዎ እንዴት ያምራል!

፬. ስለ መስኮቱ የተባልነውን ብጽፍ ጨዋነቴ ስለሚያልቅብኝ እዘለዋለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው። ወንድሜ ተስፋ ቆርጦ፣ እንግዲያውስ ዕቃ ቤት እናድርገው ቢል፣ ጸሐፊዎ ቀና ሳትል ማኅተሙን አሳረፈችበት። ዕቃ መስኮት አይፈልግም፣ ጣሪያ አይነካም፣ ሽንት አይመጣበትም። ስለዚህ በትሕትና የማመለክተው አባቴ በዕቃነት እንዲመዘገብልኝ ነው፤ ዓይነቱ፣ ሹፌር፤ ሁኔታው፣ ያገለገለ፤ ጉድለቱ፣ ግራ ጎን፤ ማሳሰቢያ፣ ተሰባሪ። ለዚህ ማዕረግ ብቁ ስለመሆኑም ምስክሩ የራስዎ መሥሪያ ቤት ነው። ሰውየውን በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል ብለን አንድ ቀን ይዘነው መጥተን፣ በራችሁ ላይ ውሎ ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ዙሪያውን ጠርጋ አለፈች። አባቴ ያን ቀን ቤት ስንመለስ ራት አልበላም። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ያን ቀን ተናድጄ አልቅሻለሁ።

ውድ ጊዜዎን ለመሻማት በመድፈሬ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለኮትዎም ሰላምታዬ ይድረስልኝ እያልኩ፣ በከፍተኛ አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የአንድ ያገለገለ ዕቃ ሴት ልጅ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ምድር ቤቱ አልቋል። ግንበኛውና የቧንቧ ሠራተኛው፣ የእርስዎን መልስ እየጠበቁ እጃቸውን አጣጥፈው ከሚቀመጡ ብለው ሠርተውታል፤ ፓምፑም ያለማንም ፈቃድ ይገፋል። አባቴ ግድግዳው ላይ የተተከለለትን ብረት ይዞ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ በደህና እጁ ራሱን ያጥባል፤ ለብቻው ሲሆን ደግሞ ለካ ያንጎራጉራል። ሊያስፈርሱት ሲመጡ አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በሩን ያንኳኩ። እኔ ልጁ እንኳ አሁን ሳላንኳኳ አልገባም።