በቀይ የተጻፈችው መስመር

የካቲት 6 ቀን 1981
ኮምፒዩተሩ ዛሬም የደረሰኝ በምሳ ሰዓት ነው። አንድ ኮምፒዩተር ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ... ከዳቦ ወረፋ አይሻልም። ጋሽ አጽብሐ ሰማያዊ ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ለምሳ ወጡ። የሎተስ፣ የሒሳብ ሠንጠረዡ ፕሮግራም፣ ፎርሙላዎቻቸው ሁሉ እዚያ ናቸው። ማክሮዎቹም አሉ፣ አንድ ፊደል ሲጫኑ ረጅሙን ሥራ ብቻቸውን የሚወጡት። እኔ ያንኑ ፎርሙላ እንደ አዲስ ስሠራ ቀኔ ያልቃል። ቁጭ ብዬ ወደ ራሴ ደብተር ገለበጥኩ። አሥራ አንድ ገጽ። ብጠይቃቸው አይከለክሉኝም ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቅኩም?

የካቲት 20
ደብተሬ አማረ። የቀን፣ የዕድሜ፣ የድምር፣ በየርዕሱ። እሳቸው ከየፎርሙላው ሥር በቀይ የጫሩትን ማስታወሻ ግን ተውኩት፣ ገጽ ያበላሻል። ሁሉንም ዲስኬት ላይ አስቀምጬ ስሜን ለጠፍኩበት። አለቃችን ጓድ ካሣሁን አዩት። "አባይነሽ፣ ይህን ሁሉ መቼ ሠራሽው?" ፈገግ ብዬ ዲስኬቱን አቀበልኳቸው።

መጋቢት 14
የውጭ ትምህርት አመልካቾች ዝርዝር። ሦስት መቶ አርባ ሰው። በፈረንጅ ከ1961 በፊት የተወለደ አይገባም። ልደታቸው የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ዘመን ለዋጯን ማክሮ ጠራኋት፣ ሰባት ሰባት እየደመረች ወረደች። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ አለቀ።

መጋቢት 29
ተሾመች የምትባል ነርስ መስኮቱ ጋ መጣች፣ ከዶሮ ማነቂያ። "እህቴ፣ በዕድሜ ወደቅሽ አሉኝ። እኔ እኮ የሚያዝያ 53 ልጅ ነኝ።" በጣቴ ቆጠርኩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት... ተማሪ የሚያውቀው! በፈረንጅ 1961 ናት፤ ማክሮዋ ግን 1960 አድርጋታለች። "እናየዋለን" አልኳት። ዝርዝሩ ከሄደ ሳምንቱ።
የጋሽ አጽብሐን ደብተር ሰርቄ አየሁ። በቀይ፦ "ለትምህርት ቤት መክፈቻ ቀኖች ብቻ። ከጥር ጀምሮ አይሠራም።"
አሥራ ዘጠኝ ሰው ጥያለሁ።

ሚያዝያ 3
ጓድ ካሣሁን ደረሱበት። "ይቺ ማክሮ ያንቺ አይደለችም?"
"የጋሽ አጽብሐ ናት" አልኩ።
በደጉ ቀን የእኔ፣ በክፉው ቀን የእሳቸው... ጓድ ካሣሁን "ስህተት ነው ወይስ አሻጥር?" አሉ። ጋሽ አጽብሐ የመቀሌ ሰው ናቸው፤ ዘንድሮ፣ በዚህ ጦርነት መሀል፣ ለመቀሌ ሰው ይህ ቃል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅኩ ዝም አልኩ። ከሥራ ስወጣ ምኒልክ አደባባይን ሁለቴ ዞርኩት፣ ቤት መግባት አፈርኩ።

ሚያዝያ 4
ጋሽ አጽብሐ ሥራ አልገቡም። ለምርመራ ተጠርተው ነው አሉ።

ሚያዝያ 5
ሁለቱንም ደብተሮች ጓድ ካሣሁን ፊት ዘረጋሁ። "ሰርቄ ነው የገለበጥኩት። ማስጠንቀቂያውን የተውኩት እኔ ነኝ።" ወረቀት ገፉልኝ። "በጽሑፍ ስጪኝ።" ሰጠሁ።

ሚያዝያ 16
ጋሽ አጽብሐ ተመለሱ። ከስተዋል። እኔ ከኮምፒዩተሩ ተነስቼ መዝገብ ቤት ገብቻለሁ። ይቅርታ ልላቸው ሄድኩ፤ ቀደሙኝ።
"ብትጠይቂኝ እኮ ቁጭ ብዬ አስረዳሽ ነበር፣ ልጄ።"
በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ሰማያዊ ደብተራቸውን ሰጡኝ። "አጥርተሽ ገልብጪው፣ ለሚመጣው ሰው ይሁን።"

ሚያዝያ 23
ጨረስኩ። ቀዩን በቀይ፣ አንድ ቃል ሳልዘል። ሽፋኑ ላይ የእሳቸው ስም አለ። የተሾመች ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል፣ አይመለስም ተባለ። የዘመን ለዋጯ ገጽ ላይ የራሴን መስመር ጨመርኩ፣ በቀይ፦ "በመጋቢት 81 ያለቦታዋ ገብታ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጣለች። አንዷ ነርስ ተሾመች ናት። ማክሮዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ አባይነሽ።"