ሁለቱን ሕፃናት አንድ ያደረገችው መስመር

ውድ ወንድምጋሼ፣

"ውድ" ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው። ሁለት ጊዜ ሰርዤው ነበር፤ ደብዳቤው ያለ እሱ አልጀመር ቢለኝ መለስኩት። ፊት ለፊት ብንገናኝ እጮኽብሃለሁ፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ተናድጃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ተናድጄብህ አላውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። ሊስፕ የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል አንተ አለቃ ነበርክ፣ እኔ ጀማሪ። ሁለት ነገሮች እኩል መሆናቸውን ለመጠየቅ ቋንቋው ከአንድ በላይ ቃል እንዳለው ስትነግረኝ "ምን አቅብጦት ነው? አንዱ አይበቃውም?" ብዬ ሳቅሁ። አንተ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጥተህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥክ። ብርጭቆዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ውሃውም እኩል ነው።

"ኢኪው የሚባለው ቃል የሚጠይቀው ይኼ ብርጭቆ ራሱ ያኛው ነው ወይ ብሎ ነው፤ አይደለም ይልሻል። ኢኩዋል የሚባለው ግን ውስጣቸውን ነው የሚያየው፤ እኩል ናቸው ይልሻል" አልከኝ። ከዚያ አንዱን አንስተህ ጭልጥ አደረግኸውና "አሁንስ? ያኛው ጎደለ?" አልክ። "አልጎደለም" አልኩ። "አየሽ፣ አንድ ዓይነት ሌላ፣ አንድ ሌላ። ይኼን የረሳ ሰው ኮምፒውተር ባይነካ ይሻለዋል።"

እንዲህ አሳምሮ ያስተማረ ሰው እንዴት ራሱ ይረሳዋል? አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው። ባታውቅ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር።

ሥራ ልትለቅ ሦስት ቀን ሲቀርህ የላቦራቶሪው ኃላፊ እየጮኸ መጣ። ነርሶቹ ኮምፒውተሩ ላይ የማዘዣውን ቁልፍ ሁለቴ ሲጫኑ አንዱ የደም ምርመራ ትዕዛዝ ሁለት እየሆነ፣ አንድ በሽተኛ ሁለቴ ይወጋ ነበር። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ትዕዛዞቹን የሚለየው በየራሳቸው ቁጥር ነው፤ ሁለቴ ሲጫኑት ደግሞ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ጉድለቱ የኔ ነበር፣ አልክድም። "ቁልፉ አንዴ ከተጫነ እንዲዘጋ እናድርገው፤ አንድ ቀን ይበቃኛል" አልኩህ። አንተ ግን ቸኩለሃል። "ተነሺ እስቲ" ብለህ ወንበሬ ላይ ተቀመጥክ።

"ኧረ በራስህ ስም ግባ" ስልህ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም። "እኔና አንቺ እኮ አንድ ነን" አልከኝ። ኮምፒውተሩ በኔ ስም እንደተከፈተ ጻፍክ። የትዕዛዙን ቁጥር ተውከው፤ የቀረውን ሁሉ በኢኩዋል አስተያየኸው፤ ውስጣቸው እኩል ከሆነ አንዱ ይጣል። አንዲት መስመር ናት። "በቃ፣ ያው ነው" ብለህ ተነሣህ።

ያው አልነበረም! አንተ ከሄድክ በሁለተኛው ሳምንት መንታ ሴቶች ተወለዱ። ጨቅላ ሕፃን ከሆስፒታል እስኪወጣ የሚታወቀው በእናቱ የካርድ ቁጥር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የነዚህም ቁጥራቸው አንድ፣ የተወለዱበት ቀን አንድ፣ ፆታቸው አንድ፣ ስም ገና የላቸውም። ሐኪሟ የወፍ በሽታ የሚባለው ቢጫነት እንዳለባቸው ለማየት የሁለቱም ደም እንዲመረመር አዘዘች። ያንተ መስመር ሁለቱን ትዕዛዞች አየ፣ እኩል ናቸው አለ፣ አንዱን ጣለ። የአንዷ ደም ብቻ ተመረመረ። ውጤቱ ደህና ሆኖ ሲመጣ "ሁለቱም ደህና ናቸው" ተባለ።

በሦስተኛው ቀን እናታቸው "ይቺኛዋ ጡት እምቢ አለችኝ፤ ዓይኗንም እዩልኝ" ባትል ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ሕፃኗ ስድስት ቀን ሙሉ ዓይኗ ተሸፍኖ በመብራት ሥር ተኛች። ተርፋለች። ቢጫነቱ ሲበረታ ጆሮ ይጎዳልና ጆሮዋ ይስማ አይስማ ግን ገና አልታወቀም፤ ሐኪሟ "ወደፊት እናየዋለን" ብላለች። እናቷ መጠበቅ አልቻለችም። በየደቂቃው አጠገቧ የቤቷን ቁልፍ እያንቃጨለች ፊቷን ታያለች።

ሆስፒታሉ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ሲጠይቅህ የሰጠኸውን መልስ አነበቡልኝ። "ያንን ክፍል የጻፈችው እህቴ ናት። መዝገቡም ስሟን ያሳያል።" የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አንተ ወንድሜ ነህ? ሲቀመጡበት አንድ ነን፣ ሲጠየቁበት ሁለት?

እማዬ ደግሞ አለችልህ። "ወንድምሽ አዲስ ሥራ ላይ ነው፤ ገበናችንን አደባባይ አታውጪ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ቢያባርሩሽም ሌላ ታገኛለሽ" አለችኝ።

"እኔስ የማን ልጅ ነኝ?" አልኳት።

"ሁለታችሁንም እኩል ነው የምወዳችሁ፣ ልጄ።"

"እኩል ከሆንን ሁልጊዜ የምጣለው ለምን እኔ ነኝ?" አልኳት። አለቀሰች፤ እኔም በማስለቀሴ ተናደድኩ። ይኼም ባንተ ላይ ይጨመር።

አሁን የራሴን ልንገርህ። መስመሯን በማግስቱ ጠዋት አንብቤያታለሁ። "መንታ ቢወለድስ?" የሚለው ያኔውኑ መጥቶልኛል፤ በነዚሁ ቃላት። ያን ቀን ላንተ መሸኛ ኬክ ተቆርጦ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበልህ ነበር። በሰው ፊት ላርምህ አልወደድኩም። ከሄድክ በኋላም አላረምኳትም፤ የወንድሜ እጅ አይሳሳትም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፣ ነቅዟል።

መስመሯን አጥፍቻታለሁ። ቁልፉ አንዴ ከተጫነ ይዘጋል፤ ትዕዛዞቹም በየቁጥራቸው ይለያሉ። እንዳልኩህ አንድ ቀን ነው የፈጀው።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ያንተን ያንተ፣ የኔን የኔ ብዬ እናገራለሁ። ሥራዬን ቢነጥቁኝም ይንጠቁኝ፤ እማዬም ትዘንብኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የመንታዎቹ እናት ዘንድ ሄጄ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ቁልፉን አስቀምጣ "ወንድምሽ የት ነው?" ብቻ አለችኝ። ስልክ ቁጥርህን ሰጠኋት።

ስትደውልልህ አንሳ።

እህትህ